በረኪና የማይገባበት ቤት

አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው ሞልቷል። እትዬ በረኪና ግን ይህን ማጠፍ አትለውም፤ "መጠቅለል ነው" ትላለች አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ። ለእሷ አንሶላ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ትቆማለች። ማዕዘኑን ጨብጦ ወጠር ማድረግ፣ አንዴ ማራገፍ፣ በቁመቱ ማጠፍ፣ ደግሞ ማጠፍ፤ ከዚያ እየተራመዱ መገናኘት። አንዷ ጫፏን ለሌላዋ ታቀብልና ጎንበስ ብላ የተንጠለጠለውን እጥፋት ታነሳለች፤ ደግሞ ወደ ኋላ ትሄዳለች። በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲራራቁና ሲገናኙ የሸበቱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ይህ የአንዷ ታሪክ ነው፤ ያለ ሌላዋ ግን አይነገርም።

"በረኪና" የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። የእድፍ ጠብታ ካየች እህል አይወርድላትም፤ እንኳን ልብስ ላይ፣ የሰው ፊት ላይ ነጥብ ብታይ ልታሸው ይዳዳታል። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር እንዲያ የሚሏት፤ ኋላ ፊት ለፊት ሲጠሯት "አቤት" አለች፤ ጭራሽ ኮራችበት። ጓደኛዋ ደግሞ "ማዶ" ነበረች፤ ሁልጊዜ ከአንሶላው ማዶ ስለምትቆም። "ማዶ፣ ወጠር!" "ማዶ፣ ላላ አርጊው እንጂ፣ ልትቀጂው ነው!" እየተባባሉ ድሮ ሁለቱም ማዶ ነበሩ፤ አንደኛዋ ሌላ ስም ስታገኝ ማዶነቱ ለሁለተኛዋ ተረፈላት።

ያን ክፍል ዛሬ የሚያየው ሰው ምንም አይመስለውም፤ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ አልጋ ተከምሮበታል። ያኔ ግን ጠዋት በሩ ሲከፈት እንፋሎቱ ወጥቶ ፊትን ይስም ነበር። ትልልቆቹ ማፍያ በርሜሎች ይንተከተካሉ፣ ግድግዳው ያልበዋል፤ የሳሙናው፣ የበረኪናውና የተተኮሰው ጨርቅ ሽታ ተደባልቆ ልብስ ላይ ይቀራል። ሴቶቹ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ገና በጠረናቸው ይታወቁ ነበር። ብርድ ሲሆን ነርሶቹ ሳይቀሩ የሌለ ጉዳይ ፈጥረው እጃቸውን ሊያሞቁ ይወርዳሉ። ከነርሶቹ ጋር ወሬውም ይወርዳል፤ የትኛው ዶክተር የትኛዋን ነርስ እንደሚያገባ ሙሽሮቹ ራሳቸው ሳያውቁ አንሶላ አጣፊዎቹ ያውቁ ነበር። ዘፈን ነበር፣ ሳቅ ነበር፣ ኩርፊያም ነበር። ኩርፊያው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ተኳርፎ አንሶላ ማጠፍ አይቻልማ! ጥቂት ተራምደው ፊት ለፊት መገጣጠማቸው አይቀርም። ምነው ያ ክፍል ዛሬም በኖረ ያሰኛል።

የክፍሉ አለቃ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሥራ የጀመሩ ዕለት ሰብስቦ እንዲህ ብሏቸው ነበር፦ "እዚህ የሚመጣ ጨርቅ ሁሉ በዓይን የማይታይ ጠላት አለበት። እዚህ ገብታችሁ በሕይወት መውጣት የተፈቀደላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።" ሌሎቹ ሳቁ። እትዬ በረኪና ግን ቃሉን አጥብቃ ያዘችው። ቤቷም ብርጭቆ ይቀቀላል፣ ማንኪያ ይቀቀላል፤ ልጇ ሕፃን ሳለች አሻንጉሊቷ ሳይቀር ተቀቅሎ ፀጉሩ ረግፏል። ለእሷ ሕይወት ያለው ጥቃቅን ነገር ሁሉ ጠላት ነው፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ማፍላት፣ በረኪና፣ እንቢ ካለም ደግሞ ማፍላት።

እትዬ በረኪና የወደቀችው መጭመቂያው ማሽን የተበላሸ ዕለት ነው። ብርድ ልብሶቹ ውሃቸውን እንደያዙ ተቆልለው ቀሩ። "ምን ቸገረን፣ እንደ ድሮው በእጃችን እንጭመቀው" ያለችው ራሷ ናት። እንደ ድሮው ማለት ብርድ ልብሱን አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ታጣምመዋለች፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ሚዛን ናት። ተጣመመ፣ ውሃው ተንዠቀዠቀ፣ ከዚያ በማዶ በኩል ያለው ጫፍ ድንገት ተለቀቀ። እትዬ በረኪና ተፈናጥራ የውሃ መውረጃው ቦይ ጠርዝ ላይ ወደቀች። እግሯ ከሥሯ ታጠፈና ቅልጥሟ ቀው ሲል ክፍሉ በሙሉ ሰማው።

ሕመሙ ሲመጣ ምላሷም አብሮ መጣ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሷ ማጭድ ባታገኝ አፍ ነበራት። "ምን ሆነሽ ነው የለቀቅሺው? እጅሽ ይቆረጥ!" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ማዶ እጆቿን ከሽርጧ ሥር ሸሽጋ እንደ ቆመች ቀረች። ሌሎቹ ወዳቂዋን ራሷ ባጠፈችው አንሶላ ላይ አጋድመው ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዷት።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎ አጥንቷ በብረት ተያያዘ። ስትነቃ መጀመሪያ የዳበሰችው እግሯን አልነበረም፤ የአንሶላውን ጠርዝ ነው። "ይሄን ማነው የጠቀለለው?" አለች። ነርሷ ማደንዘዣው ገና ያልለቀቃት መሰላት።

ከዚያ ወደ ቤት ተላከች። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ ልብስ ሰፊ ልጇ በአንደኛው ጥግ የስፌት መኪናዋን ትዘውራለች፣ እሷ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ትተኛለች። የታዘዘላትን ጀርም ገዳይ መድኃኒት በወጉ ጨረሰች። አጥንቱ ቀስ እያለ ይገጥም ነበር፤ ቁስሉ ግን እንቢ አለ። ከንፈሩ አልገጥም ብሎ ያዣል፣ ፋሻውን ያረጥባል። እትዬ በረኪናም እንደ ሙያዋ አሰበች። አንድ አንሶላ ታጥቦ እድፉ ካልለቀቀ ምን ይደረጋል? በረኪናው ተጨምሮ እንደገና ይፈላል! እናም ለዶክተሯ ትንፍሽ ሳትል ያንኑ ዓይነት እንክብል ከጎረቤት መለቃቀም ጀመረች። የጎረቤት ልጅ ቶንሲል ሲያመው የተረፈ፣ የአንዱ ጥርስ ሲነቀል የተረፈ፣ ምን እንደነበረ ባለቤቱ የረሳው ሁሉ ላስቲክ ውስጥ ተጠራቀመ። "ውስጤን ላጥበው" ትላለች፤ ዛሬ ቀዩን፣ ነገ ቢጫውን ትውጣለች። ምግቧንም እንዲሁ አደረገችው። ያልተንተከተከ ነገር ከአፏ አይደርስም። ልጇ እርጎ ብታመጣላት "ጀርም ያቦካውን ወተት ለኔ?" ብላ አስደፋቻት። ይህን ስህተት ሌላ ሰው አይሠራውም፤ የሚሠራው ዕድሜውን በሙሉ ሲያፈላ የኖረ ሰው ብቻ ነው።

ሆዷ ተበላሸ። የበላችው አይቆይም፣ ያልበላችው አያምራትም። ጉንጯ ሟሸሸ። ይህ ሳያንስ አንድ ሌላ ነገር ሌት ተቀን ይበላት ነበር፤ ማዶ አልመጣችም። ሁሉም መጥቷል፤ በርሜል አቀጣጣዩ፣ ተኳሾቹ፣ ዘበኛው ሳይቀር። እትዬ በረኪና ስለ ማዶ መጠየቁን እንደ ውርደት ቆጠረችው፤ ጠያቂዎቹ ደግሞ ያንን እርግማን ሰምተዋልና ስሟን ላለማንሳት ይጠነቀቃሉ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች፤ ማዶ አለመሆኗን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። አንዴ "ጥላኝ ስታበቃ ምን ፊት አላትና ትመጣለች" ትላለች። ወዲያው ደግሞ "ምን ብዬ ነው እጅ የረገምኩት፣ በእጇ ለምታድር ሰው" ትላለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። እንቅልፏ ከዚያው ጋር ጠፋ።

በቀጠሮዋ ቀን ዶክተሯ ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን ዙሪያውን መረመረችው። አስተያየቷ ለእትዬ በረኪና አልጣማትም።

"ለሚቀጥለው ቀጠሮ ካልገጠመ" አለች ዶክተሯ በመጨረሻ፣ "እንደገና መክፈት ግድ ይሆናል። ምናልባትም ብረቱን ማውጣት። ያኔ በዚህ እግር መቼ እንደሚቆሙ፣ እንዴት እንደሚቆሙ ቃል ልገባልዎት አልችልም።" ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። "ሆድዎ እንዴት ነው?"

"የተሰበረው እኮ እግሬ ነው፣ ዶክተር።"

"አይቻለሁ። ሆድዎ እንዴት ነው?"

እትዬ በረኪና ወደ ግድግዳው ዞረች። አፏን የከፈተችው ልጇ ናት። ተቅማጡን፣ የተደፋውን እርጎ፣ ያንን የላስቲክ እንክብል ሁሉ ዘረገፈችው። እናትዬዋ ዓይኗን አጉረጠረጠች፤ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም።

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ በቀልድ ብነግራት ይሻላል ብላ ነው መሰል ሳቅ አለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ቅጽል ስሟን የማያውቅ የለም። "እትዬ በረኪና" አለቻት፣ "ሆድ እኮ አንሶላ አይደለም። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ሌቦች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ነባር ተከራዮች ናቸው። ምግብዎን ያደቁልዎታል፣ ቤቱን ከክፉ ጎረቤት ይጠብቃሉ፣ ለሰውነትዎ ዘበኞችም ወሬ ያቀብላሉ። ቁስል ሲድን፣ አጥንት ሲገጥም የእነሱም እጅ ሳይኖርበት አይቀርም እየተባለ ነው። ይሄ መድኃኒት ደግሞ ሌባና ተከራይ አይለይም፤ ያገኘውን ነው የሚያስወጣው። እኔ ያዘዝኩት ስላስፈለገ ነው። ከጎረቤት የተለቀመው ግን ዛሬውኑ ይቁም። እዚያ ቤት በረኪና አይገባም።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ስገድላቸው ኖሬ..." አለች እትዬ በረኪና።

"ከአንሶላ ላይ ይግደሏቸው፤ እኛም የምንኖረው በዚያ ነው። ከሆድዎ ግን ይታረቁ።" ዶክተሯ ፋሻውን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። "የሚያስጨንቅዎት ነገርስ አለ?"

"እኔን ምን ያስጨንቀኛል?" ብላ ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። ልጇ ስለ ማዶ በአጭሩ ተናገረች።

"ሰው ሲጨነቅ" አለች ዶክተሯ ዝግ ብላ፣ "ሰውነት በር ላይ ጠላት የቆመ ይመስለዋል። ዘቡን ወደ በሩ ያሰልፍና የቤቱን እድሳት ችላ ሊለው ይችላል። ሆድና ጭንቀትም ይነካካሉ፤ አንዱ ሲታወክ ሌላው ይሰማዋል። ይህ ሁሉ ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው፤ እንዲህ ካደረጉ ይድናል ብዬ አልምልልዎትም። ግን በሁለቱም በኩል ብንሞክረው ምን እንከስራለን?"

የላስቲኩ ጉድ በማግስቱ ለሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ተመልሶ ተሰጠ። እርጎው መጣ። እትዬ በረኪና ዓይኗን ጨፍና፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ዋጠችው። "ነፍስ ያለው ነገር እያወቅሁ ስበላ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ባቄላው፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው ተከተለ፤ ሁሉንም እንደ ተጠርጣሪ እያገላበጠች ትመረምረው ነበር። ሆዷ ቀስ በቀስ ረጋ።

ሁለተኛው መድኃኒት፣ ከማዶ ጋር መታረቁ፣ ግን ከእርጎው ይልቅ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ መዳንም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲያቆም ጠብቃ፣ ልጇን ጠራቻት።

"ሂጂና ማዶን ጥሪልኝ።"

"እሺ፣ እማ።"

"አልመጣም ካለች ግን እንዳትለማመጫት!" ልጅቷ በሩን ስትከፍት ደግሞ "ትንሽ ብትለምኛትም ክፋት የለውም" አለች።

ማዶ ለመምጣት ልመና አላስፈለጋትም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ከስታለች። እጆቿን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታለች።

"ግቢ እንጂ" አለች እትዬ በረኪና። "በር ላይ የሚቆም አበዳሪ ነው።"

"እንዴት ነሽ?"

"እንዳደረግሽኝ።" ወዲያው ጸጸታት፤ ልታስተካክለው ስትል ልጇ ሻይ ይዛ መጣች።

ማዶ ሻዩን አላነሳችም። ብርጭቆው እፊቷ በረደ። እትዬ በረኪና አሁንስ ከፋት፤ "ቤቴ ሻይ መጠጣት ተጠየፍሽ?" አለች። ማዶ ያን ጊዜ እጆቿን ከኪሷ አወጣች፣ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ እንደ ሕፃን አቅፋ አነሳችው። ከአልጋው ጠርዝ ከፍ ሳይል ከእጇ ሾለከ። ሻዩ ነጩን የአልጋ ልብስ አራሰው።

እትዬ በረኪና የምታየው የማዶን ቀኝ እጅ ነበር፤ ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀርተዋል፣ ሊዘረጉ እየሞከሩ ይንቀጠቀጣሉ። የአልጋ ልብሱ ላይ እድፉ እየሰፋ ሄደ፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እድፍ ፊቷ ተቀምጦ አላየችውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካምና ጀምሮ። መጀመሪያ ይደነዝዘኝ ነበር። አሁን መጨበጡ ራሱ የለም።"

"አንሶላውን እንዴት ትይዢው ነበር ታዲያ?"

"ጫፉን አንጓዬ ላይ ጠምጥሜ።" ማዶ አንጓዋን ደበቀች። "ብርድ ልብሱ ነው ያቃተኝ፤ ወፍራም ነው፣ አይጠመጠምም። እጅሽ ይቆረጥ ስትዪኝ፣ ተቆርጧልኮ ልልሽ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ሰው አጥተሻል ወይ እኔ እያለሁ?"

"ብናገር ከዚያ ክፍል ያስወጡኛል። ካንቺ ማዶ ሌላ ሰው ሊያቆሙ? ሌላ ሰው አንቺን ይችልሻል?"

እትዬ በረኪና እጇን ዘርግታ የማዶን አንጓ ያዘች። "ምላሴ ይቆረጥ" አለች እያለቀሰች።

"ተይ እንግዲህ" አለች ማዶ፣ እሷም እያለቀሰች። "ሁለታችንም ከተቆራረጥን ማን ይሰፋናል?"

"እኔ አለሁ፣ መኪናው ግን ዘይት ይፈልጋል" አለች ልጅቷ ከጥግ። ሦስቱም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ማዶ በየቀኑ ትመጣ ጀመር። ቁጭ ብለው ያንን ክፍል ያነሳሉ፤ በርሜል ውስጥ ስለተቀቀለው የሂሳብ ሹሙ ኮት፣ ከአንሶላ ጋር ታጥፎ እስከ ፎቅ ስለወጣው የነርሷ ጫማ፣ አሁን ስለሌሉትም ሴቶች። ስም ሲጠራ ነፍሷን ይማር ይላሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። እያወሩ ይበላሉ፤ እትዬ በረኪናም ሳህኗ ባዶ መሆኑን የምታውቀው ልጇ ስታነሳው ነው። እንቅልፏ ተመለሰ። የቁስሉም ከንፈር ቀስ እያለ ተሳሳበ። እርጎው ነው? የእንክብሉ መቆም ነው? የማዶ ሳቅ ነው? ወይስ ጊዜው ደርሶ ነው? ዶክተሯ አልማለችም፣ እኛም አንምልም።

በቀጠሮው ቀን እትዬ በረኪና ልጇን "አንቺ ስፌትሽን ስፊ" ብላ አስቀረቻትና "ብቻዬን ደረጃውን አልወጣም፣ ደግፊኝ" ብላ ማዶን ይዛ ሄደች። በልብስ ማጠቢያው በር ሲያልፉ የእንፋሎቱ ሽታ መጣ፤ ሁለቱም ቆም ብለው አሸተቱት። ከዚያ ደረጃውን ወጡ።

ዶክተሯ ፋሻውን ፈታች። ቁስሉ ገጥሟል፤ ቀጭን ሮዝ መስመር ብቻ ቀርቶታል። "ተመልከቱት እስቲ!" አለች ደስ ብሏት። "መክፈት ቀረ። በዚህ እግር ገና ብዙ ይሄዱበታል።"

ስንት ቀን ይህን ቃል ስትጠብቅ የኖረችው እትዬ በረኪና ግን እግሯን ዞር ብላም አላየችው። ጎኗ የተቀመጠችውን የማዶን ቀኝ እጅ ከኪሷ ስባ አወጣችና ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "እግሬን ተዪው፣ ልጄ፤ እሱ ድኗል። ይቺን እዪልኝ።"

ዶክተሯ እጁን አገላበጠች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካች። "ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?" ብላ ጠየቀች።

ማዶ "ኧረ ምንም የለኝ..." ልትል ስትጀምር እትዬ በረኪና ቀደመቻት።

"ዓመት አልፎታል" አለች። "ፊት ለፊቴ ቆማ፣ እኔ ሳላይ።"

ዶክተሯ መብራቱን ወደ ማዶ አዞረችና ወንበሯን አስጠጋች።